በጎኑ የሚተነፍሰው

በማርጊላን ዳርቻ፣ በግንቦት መባቻ፣
የምንተኛው ግቢ ነው፣ በአንድ ፍራሽ ብቻ፤
ክፍሉን፣ ምድጃውን፣ ጸጥታውን ሳይቀር
ለትሎች ለቀናል፤ እነሱ ናቸው የዘንድሮ ክቡር።

እናቴ ኦይዲን ጣቷን ከአፏ ጭና
«ቀስ» ትላለች፣ «አራተኛው እንቅልፋቸው ነውና።»
ትናንት ሙሉ ሌሊት፣ ቱት የሚሉትን ቅጠል ሲከረትፉ፣
ዝናብ ይመስል ነበር፤ ዛሬ እንደ ሐውልት አረፉ፣
አንገታቸው ቀና፣ እግራቸው የተሰፋ፣
አንድ ስም እንደሚያስሱ፣ ከምላስ ጫፍ የጠፋ።

የማይተኛው ዞኪር ነው፣ ታናሽ ወንድሜ።
ደረቱ ያፏጫል፣ እሰማዋለሁ ቆሜ፣
እንደ ተገረበበ በር፣ ነፋስ እንደሚገፋው፤
በአንዲት ጠባብ ጉሮሮ አየር እየለመነ ነው የሚያነጋው።
ሰማያዊ መንፊያውን ይነቀንቃታል፤
ባዶ ናት።
ደግሞ ይነቀንቃታል።

ከማዳመጥ መቁጠር ይሻላል ብዬ፣
ባትሪና የአባቴን ስንጥቅ አጉሊ መነጽር ይዤ፣
ከትሎቹ ገባሁ። በነጩ ገላ ጎን
ዘጠኝ ጥቁር ነጥብ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ፤ ዘጠኝ በወዲያኛው ጎን።
ነጥብ አይደለም፣ በር ነው። ከየበሩ ቧንቧ፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ተከፍሎ ተከፍሎ ጭጋግ እስኪመስል የተበተነ፣
እስከ እግሩ ጡንቻ፣ እስከ ሐሩ ከረጢት፣ እስከ አንጀቱ ዘልቆ፣
ለየሕዋሱ ደጃፍ አየሩን ያደርሳል፣ ሳንባን የሚያህል ደላላ ንቆ።

ደሙስ? አየር ካልጫነ ምን ያቀላዋል?
የሎሚ ውኃ ነው፤ ቦይ ሳይሻ አንጀቱን ያጥባል፣
መስኖ ግድቡን ሰብሮ ማሳውን እንደሚያለብስ።
ልቡ ከጀርባው ነው፤ ከቆዳው ሥር አየሁት፣ ከጅራት እስከ ራስ፣
ረጅም ጥላ ሆኖ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይሞላል።
እኛ ከጎድን አጥር ጀርባ ሸሽገነው «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤
እሱ አዝሎት ይዞራል፣ ላየው ሁሉ ያሳያል።

ባለፈው ሳምንት ነው። አክስቴ ሙሃይዮ፣ የፓሎቭ ሳህን ይዛ
በክፍሉ ስታልፍ፣ የጥጥ ፍሬ ዘይት ጠብ አለ በዋዛ፣
በአንዱ ትል ጎን ላይ። አፉ ነጻ ነበር፤
ቅጠሉን ነክሶ ሊውጥ ነበር።
ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል ተወራጨ፣ ተዘረጋ፣ ቀረ።
እናቴ አልተቆጣችም። «በጎኑ እኮ ነው የሚተነፍሰው» አለች።
ወደ ግቢው ዞረች፣
ወደሚያፏጨው ጨለማ፤
«የእኔንስ ልጅ በር ማን ዘይት ቀባው?» አለች፣
ለማንም አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ የምሰማ።

ሊነጋጋ ሲል ቆዳቸውን ገፈፉ።
ከየቀዳዳው እንደ ጭስ የሳሳ ክር ተመዝዞ፣
የቧንቧው ገበር፣ ከአሮጌው ቆዳ ጋር ቀረ፤
ትሉ የትንፋሹን እጅጌ ሳይቀር አውልቆ፣ በአዲስ ጀመረ።
ወንድሜም ደረቱን እንደ ጠበበው ካፖርት ቢያወልቅ ብዬ
አሰብኩ። ጸሎት ነበር? ቅናት ነበር? አልለየሁም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰዎቹ መጡ፣ ሚዛንና ጆንያ ይዘው፤
ነጫጭ ጎጆዎቹን ወሰዱ፣ በእንፋሎት ሊያፍኗቸው፤
ክሩ እንዳይበጠስ፣ ሙሽሬዋ ሳትወጣ መሞት አለባት።
የእሳት ራት ይሏታል፤ የእንፋሎት ምሳ ሆነች እንጂ፣ እሳት መች አገኛት?
አንዷን ሰረቅሁ። በክብሪት ቤት አድርጌ ለዞኪር ሰጠሁት።

ወጣች አንድ ማለዳ፤ አፏ ለወጉ ያህል፣
መብላት የማትችል፣ መብረር የማትችል፣
ሆዷ ግን ከፍ ዝቅ ይላል።
ደሟ፣ መምህር ባቦዬቭ እንዳሉን፣ ወደፊት ሲነጉድ ቆይቶ
ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደ ሰው፣ ከቤቱ ዕቃ ረስቶ።
«ስንት በር ነበራት፣ ትል ሳለች?» አለኝ።
ሸሚዙን ገልቤ፣ በጎድኑ ላይ፣ በጣቴ፣
ዘጠኝ በዚህ፣ ዘጠኝ በዚያ ቆጠርኩለት፤
ኮረኮረው፤ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ፉጨት።
እንደገና፣ ከአንድ፣ ጀመርኩለት።